የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሰሜን ሸዋ ወጥቶ ባሕር የሚሻገር ዕቃ ምን ይጠየቃል?

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ባና የሚሠሩ፣ ነጠላ የሚሸጡ፣ አሻንጉሊት የሚያዘጋጁ፣ ቆዳ የሚሰፉ፣ በርበሬ የሚያስፈጩ ናቸው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ባለሱቅም አለ። አብዛኞቹ የሚጠይቁት «የትኛው ወረቀት ይጎድለኛል?» ብለው ነው። እኛ ግን መልሳችንን ከዕቃው እንጀምራለን። የላቦራቶሪ ወረቀት የሚመሰክረው ለተመረመረው ምርት ብቻ ነው። ቀለሙ ከሌላ ቆርቆሮ ከተቀዳ፣ ቁልፉ ከሌላ ሱቅ ከተገዛ፣ ያው ወረቀት ለአዲሱ ምርት ምስክር አይሆንም።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። በማኅበር ተደራጅተን ከበግ ጸጉር ባናና ዝተት እንሠራለን። አንድ የጀርመን ገዥ ናሙና ካየ በኋላ «ከተከለከለ የአዞ ቀለም ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት ላኩ» አለን። ቀለሙን ከመርካቶ ነው የምንገዛው፤ ቆርቆሮው ተከፍቶ እየተመዘነ ይሸጥልናል። ደግሞ ቀዩ ሲታጠብ ነጩን እያበላሸ ነው ይላል። ከየት እንጀምር? (የማኅበር ሰብሳቢ፣ መሐል ሜዳ)

መልስ፦ ሁለቱም ችግር የሚነሳው ከማቅለሚያው ድስት ስለሆነ አብረው ይስተካከላሉ።

አዞ (azo፣ ከእንስሳው ጋር የማይገናኝ የኬሚካል ስም) የሚባለው የቀለም ዘር በጣም ሰፊ ነው፤ ሁሉም አልተከለከለም። ሪች የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ሕግ የከለከለው፣ ሲፈርሱ በሕጉ ከተዘረዘሩት 22 አሮማቲክ አሚን የሚባሉ ኬሚካሎች አንዱን የሚለቁትን ነው። ከዝርዝሩ አንዱ ቤንዚዲን ነው፤ ካንሰር እንደሚያመጣ በደንብ የታወቀ። ቀለሙ በቆዳ ላይና በአንጀት ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ሊፈርስ ስለሚችል ክልከላው ከሰውነት ጋር ለረጅም ጊዜ የሚነካካ ጨርቅንና ቆዳን ይመለከታል። ገደቡ ለእያንዳንዱ አሚን በኪሎ ግራም 30 ሚሊ ግራም ነው። ባና ሌሊቱን ሙሉ ሰው ላይ የሚያድር ስለሆነ በቀጥታ ይነካዋል። ለዝተትም ብዙ ገዥዎች ያንኑ ውጤት ይጠይቃሉ።

ከተከፈተ ቆርቆሮ የተመዘነ ቀለም መግዛታችሁን ዛሬውኑ አቁሙ። ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቀውም፤ የዛሬው ቀይና የሚቀጥለው ወር ቀይ ከተለያየ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። የታሸገ ግዙ። በማሸጊያው ላይ የፋብሪካው ስም፣ የምርት ባች ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለይ ቁጥር) እና የቀለሙ ዓለም አቀፍ መለያ፣ ማለትም የሲ.አይ. ስምና ቁጥር፣ መኖሩን እዩ። ከአስመጪው የኬሚካሉን የደኅንነት መረጃ ሰነድ ጠይቁ። ይህን መስጠት የማይችል አስመጪ ቢረክስም አይጠቅማችሁም፤ አንድ ጭነት ተመላሽ ከሆነ የቀለሙ ርካሽነት ምንም አይደለም።

ወደ ላቦራቶሪ ስትሄዱ «የአዞ ምርመራ» ብቻ አትበሉ፤ ምርመራው ኢኤን አይኤስኦ 14362-1 በሚባለው የምርመራ ደረጃ እንዲሠራ በጽሑፍ ጠይቁ። ላቦራቶሪው አይኤስኦ 17025 በሚባለው የላቦራቶሪዎች ብቃት ደረጃ እውቅና ያለው መሆኑ ብቻውን አይበቃም። እውቅናው የሚሰጠው በየምርመራው ዓይነት ስለሆነ የእውቅና ወሰኑን ዝርዝር አስወጥታችሁ ይህ ምርመራ በውስጡ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ውኃ ለመመርመር እውቅና ያለው ቤት በአዞ ላይ የሚሰጠውን ወረቀት የጀርመኑ ገዥ አይቀበለውም። ከእያንዳንዱ ቀለም 20 ግራም ገደማ የተቀለመ ፈትል በየራሱ ላስቲክ አሽጋችሁ፣ የድስቱን ቁጥር ጽፋችሁ ላኩ። ወጪ ለመቀነስ ላቦራቶሪዎች እስከ ሦስት ቀለም ቀላቅለው ይመረምራሉ። ይህ ሲሆን ውጤቱን በጥንቃቄ አንብቡ፤ አንዱ ቀለም በኪሎ 60 ሚሊ ግራም ቢኖረውና ሁለቱ ምንም ባይኖራቸው የድብልቁ ውጤት 20 ሆኖ «አለፈ» ይመስላል። ድብልቁ ላይ የተከለከለ አሚን ከታየ፣ ቁጥሩ ትንሽም ቢሆን፣ ቀለሞቹ በየግል ይመርመሩ።

ከዕፅዋት የሚወጣ ቀለም የአዞ ጣጣ የለበትም። ነገር ግን አንዳንድ ቀላሚዎች ቀለም ለማስያዝ ባይክሮሜት የሚባል ኬሚካል ይጨምራሉ፤ ይህ መርዛማ ነው፣ ለቀላሚውም ለወንዙም። አሉም በሚባለው ጨው ተኩት፤ ለአንድ ኪሎ ደረቅ ጸጉር ከ100 እስከ 150 ግራም ይበቃል።

አሁን ወደ ቀዩ። ቀለም የሚለቀው ወደ ጸጉሩ ሳይገባ ላዩ ላይ የቀረ ሲኖር ነው፤ ለዚህም እናንተ አካባቢ ልዩ ምክንያት አለ። የበግ ጸጉር የሚቀለምበት አሲድ ቀለም መመሪያው ላይ «በ98 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ» የሚል ነገር ይጻፍበታል። መሐል ሜዳ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃው የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ቢታይም መመሪያው የሚለው ሙቀት ላይ አልደረሰም፤ እሳት ብትጨምሩም ውኃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ማካካሻው ጊዜና አሲድ ነው።

ለአንድ ኪሎ ደረቅ ፈትል 30 ሊትር ውኃ፣ ከ10 እስከ 20 ግራም ቀለም፣ 350 ሚሊ ሊትር ገደማ አቸቶ አዘጋጁ። ፈትሉ መጀመሪያ በለስላሳ ሳሙናና በሞቀ ውኃ ስቡ እስኪለቅ ይታጠብ፤ ስብ የቀረበት ቦታ ቀለም አይቀበልም፣ ነጥብ ነጥብ ይሆናል። እርጥቡን ፈትል ለብ ባለው ድስት ውስጥ ክተቱና በ45 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲፈላ አድርጉ። ከፈላ በኋላ ክዳኑን ገጥማችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ከዚያ ውኃውን በብርጭቆ ቀድታችሁ ወደ ብርሃን አንሡት፤ ጠርቶ ከሆነ ቀለሙ ገብቷል። ካልጠራ ፈትሉን አውጥታችሁ 50 ሚሊ ሊትር አቸቶ ጨምሩ፣ መልሳችሁ ሌላ 20 ደቂቃ አቆዩት። ከድስቱ ጋር ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብትነክሩት ጸጉሩ ተጠላልፎ ይኮማተራል።

ሳትልኩ በፊት እርጥብ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ወስዳችሁ ባናው ላይ 10 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ እሹ። ሌላ ቁራጭ ከነጭ ጥጥና ከነጭ ሱፍ ጋር ሰፍታችሁ በ40 ዲግሪ ውኃ ለ30 ደቂቃ እጠቡ። ነጮቹ ከተበከሉ ጭነቱ አይውጣ።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ለብል ብላችሁ ናፍታሊን ወይም የተባይ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ አትጠቀሙ። ሽታው ብቻ ዕቃውን ያስመልሳል፣ መድኃኒቱም በምርመራ ይገኛል። በላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ማቆየት ብሉን ከነእንቁላሉ ይገድላል። የመንዝ ውርጭ ግን ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ ነጠላ፣ የሐበሻ ቀሚስና የሕፃናት ልብስ አሠርቼ ወደ አሜሪካ ለሚሸጥ ሰው እልካለሁ። «የእሳት ምርመራ ያስፈልጋል» ተባልኩ። ለጥጥ ልብስም? (ደንበኛችሁ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ለጋቢ አያስፈልግም ይሆናል፤ ለነጠላ ግን ሊያስፈልግ ይችላል። ልዩነቱ ክብደቱ ላይ ነው። የአሜሪካ የልብስ ተቀጣጣይነት ደንብ ላዩ ለስላሳ የሆነ ጨርቅ በካሬ ሜትር 88.2 ግራምና ከዚያ በላይ ከመዘነ ከምርመራ ነፃ ያደርገዋል። ሙሉ በሙሉ ከሱፍ፣ ከፖሊስተር ወይም ከናይለን የተሠራም ነፃ ነው። ስስ ነጠላ ከዚህ በታች ሊወርድ ስለሚችል ይመዝኑት፤ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር በትክክል ቆርጠው በወርቅ ሚዛን ይመዝኑና በ100 ያባዙት። 0.7 ግራም ከመጣ በካሬ ሜትር 70 ግራም ነው፣ ስለዚህ መመርመር አለበት። ተደርቦ የተሸመነ ከሆነ ለጥንቃቄ የአንዱን ንብር ለይተው ይመዝኑ። ጥለቱ ያለበትን ቦታ አይቁረጡ፤ ክብደቱን ያሳስታል።

በምርመራው ጨርቁ በ45 ዲግሪ ተጋድሞ ነበልባል ለ1 ሰከንድ ይነካዋል። ላዩ ለስላሳ የሆነ ጨርቅ ነበልባሉ የተወሰነውን ርቀት ለመጨረስ 3.5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደበት አልፏል። ስስና ሳሳ ብሎ የተሸመነ ጥጥ የሚወድቀው አየር በየክሩ መካከል ስለሚያልፍ ነው። መፍትሔው ማጉን ጠቅጠቅ አድርጎ ማሸመን ነው፤ እሳት መከላከያ ኬሚካል መቀባት ሌላ ችግር ያመጣል። ጸጉር ያለው፣ ላዩ የተቦረሸ ጥጥ ደግሞ ቢከብድም ነፃ አይደለም፤ ያ ጸጉር በቅጽበት ነው የሚያያዘው።

የሕፃናቱን ልብስ ለብቻ ያስቡት። አሜሪካ ከ12 ዓመትና ከዚያ በታች ላለ ልጅ የተሠራን ዕቃ በ2008 በወጣው ሕግ በጥብቅ ይቆጣጠራል፤ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት በማንኛውም ክፍሉ ከሚሊዮን 100 እጅ፣ በቀለም ቅብ ላይ ከ90 እጅ መብለጥ የለበትም። ብዙዎች ሳያውቁት ገንዘብ የሚያፈሱበት ነገር አለ፤ ጥጥና ሱፍ፣ የተቀለመም ቢሆን፣ ከእርሳስ ምርመራ ነፃ ነው። የሚመረመሩት የብረትና የፕላስቲክ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ መቆለፊያና ላዩ ላይ የታተመ ሥዕል ናቸው። ስለዚህ ቁልፉን ከዚያው ጨርቅ አድርገው ቢሰፉት ወጪው ይቀንሳል። አንገትና ቆብ ላይ የሚጎተት ገመድ አይኑር፤ ልጅ በመወዛወዣና በመንሸራተቻ ላይ ታንቆበት ያውቃል። የሌሊት ልብስ ብለው እንዳይሸጡት፤ እርሱ ሌላ፣ ከዚህ በጣም የጠበቀ የእሳት ምርመራ አለው።

ዝተት ወደ አሜሪካ ለምትልኩም በዚሁ እንበል። ምንጣፍ ላይ ትንሽ የሚነድ ክኒን ተቀምጦ ቃጠሎው ምን ያህል እንደተስፋፋ ይለካል። ንጹሕ ሱፍ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። የሚያስወድቀው ከጀርባው የተለጠፈ ሙጫና ያልወጣ ቅባት ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በኪሮሽ አሻንጉሊት እሠራለሁ፤ ዓይናቸው የፕላስቲክ ቁልፍ ነው። አንድ ፈረንሳይ ያለ ሱቅ ሊገዛኝ ፈልጎ ሲኢ ምልክት ይኑርበት አለኝ። «ከሦስት ዓመት በታች ላሉ አይሆንም» ብዬ ብጽፍበት ይበቃል? (ወጣት ባለሙያ፣ እነዋሪ)

መልስ፦ አይበቃም። የሚታቀፍ፣ ውስጡ ለስላሳ ሙሊት ያለበት አሻንጉሊት በባሕርዩ ለትንንሽ ልጆች እንደተሠራ ይቆጠራል፤ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ይህን አይለውጠውም። ሱቁ ትክክል ነው፤ ሲኢ ማለት ዕቃው የአውሮፓ ኅብረትን መስፈርት እንደሚያሟላ አምራቹ የሚገልጽበት ምልክት ነው፣ አሻንጉሊት አውሮፓ ውስጥ ያለ ሲኢ ምልክት አይሸጥም። ምልክቱን የምትለጥፊው ግን ምርመራው፣ የአደጋ ግምገማውና የተስማሚነት መግለጫው ካለሽ በኋላ ነው። ለነጠላ ወይም ለዝተት ይህ ምልክት የለም፤ ባልተፈቀደለት ዕቃ ላይ መለጠፍ ራሱ ጥፋት ነው።

ትልቁ አደጋ ዓይኑ ነው። ኢኤን 71-1 በሚባለው ደረጃ መሠረት ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ተለጣፊ ነገር በ90 ኒውተን ጉልበት ለ10 ሰከንድ ሲጎተት መውጣት የለበትም፤ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰው በ50 ኒውተን። 90 ኒውተን ማለት 9 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ክብደት ነው። ጀሪካን በውኃ ሞልተሽ ከነጀሪካኑ ይህን ያህል እስኪመዝን አስተካክይው፣ ቁልፉን በጠንካራ ሲባጎ እሰሪና አንጠልጥይው። የኪሮሽ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ክሩ አይበጠስም፤ ቁልፉ በተዘረጋው ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። የወጣው ነገር 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ ልጅ ያንቃል ተብሎ ዕቃው ይወድቃል።

ስለዚህ ቁልፉን ተይው፤ ዓይኑን በክር ጥልፍ ሥሪው። አንድ ውሳኔ ሦስት ምርመራ ያስቀርልሻል።

ሙሊቱ አዲስና ንጹሕ ይሁን። የስፌት ቤት ብጥስጣሽ ጨርቅ አትጠቀሚ፤ በውስጡ የተሰበረ መርፌ ሊኖር ይችላል። ራስሽም መርፌ ሲሰበርብሽ ቁርጥራጮቹን በሙሉ ለቅመሽ፣ ቀኑን ጽፈሽ፣ በፕላስተር ደብተር ላይ ለጥፊ። አንዷ ቁራጭ ካልተገኘች በዚያ ሰዓት እጅሽ ላይ የነበረው አሻንጉሊት ይጣል። ኪሮሹን በአንድ ቁጥር ባነሰ መርፌ ብትሠሪው ጥልፍልፉ ይጠብቅና ሙሊቱ በቀዳዳ አይወጣም። የፀጉር ክርና ማሰሪያ ከ20 ሴንቲ ሜትር አይርዘም። መጨረሻ ላይ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ጉተታውን እንደገና ሞክሪ፤ ከታጠበ በኋላ የሚላላ ስፌት ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ መሶብና የአንገት ልብስ በኢንተርኔት አውሮፓ ላሉ ሰዎች እሸጣለሁ። በቅርቡ መሸጫ ገጹ «የአውሮፓ ተጠያቂ ሰው» ካላስገባህ ብሎ ዕቃዬን ከገበያ አወረደው። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ ልትሆንልኝ ትችላለች? (ነጋዴ፣ ደብረ ሲና)

መልስ፦ ይህ የመጣው በአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የምርት ደኅንነት ደንብ ነው፤ ቁጥሩ 2023/988 ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 13 ቀን 2024፣ በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ለአውሮፓ ያለ ቀረጥ እንድትሸጥ የሚፈቅደው ዕድል በዚህ ላይ ምንም አያግዝም፤ ቀረጥና ደኅንነት የተለያዩ በሮች ናቸው።

ተጠያቂው አስመጪ፣ በጽሑፍ ውክልና የተሰጠው ሰው ወይም ዕቃውን አውሮፓ ውስጥ አስቀምጦ የሚያደርስ ድርጅት ሊሆን ይችላል። እህትዎ በጽሑፍ ውክልና ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ስም ማዋስ አይደለም። ስማቸውና አድራሻቸው በየዕቃው ላይ ይታተማል፣ ተቆጣጣሪ ቢጠይቅ ሰነዱን የሚያቀርቡት፣ አደጋ ቢደርስ የሚያሳውቁት እርሳቸው ናቸው። ይህን በግልጽ ሳይነግሯቸው አያስፈርሟቸው። በክፍያ ይህን ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ የሚልኩት ብዛት ከጨመረ እነርሱ ይሻላሉ።

ዕቃው ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የዕቃው ዓይነትና የባች ቁጥር፣ የእርስዎ ስም፣ የፖስታና የኢሜይል አድራሻ፣ የተጠያቂው ሰው እንዲሁ፣ ካስፈለገም በሚሸጥበት አገር ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። መሸጫ ገጹ ላይ ከዕቃው ፎቶ ጋር ይኸው መታየት አለበት። ከኋላው ደግሞ የአደጋ ትንተና የያዘ ሰነድ ይኑርዎት፤ ለ10 ዓመት ይቀመጣል። ሰነዱ ግዙፍ መሆን የለበትም። ለመሶብ ለምሳሌ አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል፤ ከምን ሣርና በምን ቀለም እንደተሰፋ፣ የሣሩ ጫፍ እጅ እንዳይወጋ ምን እንዳደረጉ፣ ሻጋታ እንዳይዘው ምን ያህል እንደደረቀ፣ ቆዳ ካለበት ቆዳው ከየት እንደመጣ። መሶብ ግን ምግብ ይነካል፤ «ለእንጀራ» ብለው ከሸጡት የምግብ ንክኪ ሕግ ይገባበታል፣ በቀለሙ ላይ ያለው ጥያቄም ይጠብቃል። ለጌጥ ከሆነ ለጌጥ መሆኑን በግልጽ ጽፈው እንደዚያው ይሽጡት።

በእንጨት ሳጥን ወይም ፓሌት የሚልኩ ከሆነ እንጨቱ እምብርቱ ድረስ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የተሞቀና ዓለም አቀፉ ማኅተም ያለበት ይሁን። መሶቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ በሳጥኑ ምክንያት ወደብ ላይ የሚቀር ጭነት ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ የቆዳ ቦርሳ ስንልክ ደህና የነበረው ምርመራ እዚያ ሲደርስ ክሮሚየም 6 ተገኘበት ተባልን። እንዴት ሊሆን ይችላል? (ቆዳ ሠሪዎች፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ይሆናል፣ ደጋግሞም ይሆናል። ቆዳው የሚለፋው በክሮሚየም 3 ነው፤ እርሱ ብዙ አይጎዳም። በሙቀት፣ በፀሐይና በድርቀት ግን ከፊሉ ወደ ክሮሚየም 6 ይለወጣል፤ ይህ ቆዳ የሚያሳክክ አለርጂ ያመጣል። የአውሮፓ ገደብ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ነው። ደጋ ላይ ንጹሕ የነበረ ቆዳ በጂቡቲ ሐሩር በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ሲሰነብት ይለወጣል። ስለዚህ ላቦራቶሪው ናሙናውን በ80 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ካስረጀው በኋላ እንዲመረምር ጠይቁ፤ ከዚህ በኋላ ካለፈ መንገዱንም ያልፋል። ከፋብሪካው ስትገዙ በመጨረሻ በእፅዋት ታኒን የተደገመ፣ በዓሣ ዘይት ያልለሰለሰና በደንብ የታጠበ ቆዳ ጠይቁ። ሻጋታ መከላከያ ከረጢት ስትጨምሩ ተራ ሲሊካ መሆኑን አረጋግጡ፤ ዳይሜቲል ፉማሬት ያለበት በአውሮፓ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ጥያቄ፦ በርበሬ አዘጋጅተን ውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን ሱቆች መላክ ጀምረናል። አፍላቶክሲን የሚሉት ከየት ነው የሚመጣው? ወፍጮ ቤቱ ነው? (ሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አፍላቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው። ሻጋታው የሚገባው ዛላው አፈር ላይ ሲሰጣ፣ ሌሊት ጤዛ ሲመታውና ሳይደርቅ ጆንያ ሲገባ ነው። ሁለተኛው በር ብዙዎች የማያስቡት ነው፤ ዛላው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተወቅጦ ሲያድር እንደገና ይረጥባል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ማድረቅ ከመጀመሪያው ያነሰ ጥንቃቄ ይደረግለታል። ስስ አድርጋችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ወንፊት ላይ ስጡት፣ ሲመሽ አስገቡት። እርጥበቱ 10 ከመቶ ገደማ እስኪደርስ አይፈጭ። የጠቆረ፣ የነጣና የተበላ ዛላ በእጅ ይለቀም፤ መርዙ ሲፈጭም ሲቆላም አይጠፋም።

የአውሮፓ ገደብ ለበርበሬ በኪሎ ግራም አፍላቶክሲን ቢ1 5 ማይክሮ ግራም፣ ጠቅላላው 10 ማይክሮ ግራም ነው። ናሙና አወሳሰድ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሻጋታው በየቦታው ተበትኖ ስለሚገኝ ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ የተቀዳ ኩባያ ምንም አይናገርም። ከ5 እስከ 10 ኩንታል ለሚሆን ምርት ከተለያየ ቦታ 30 ጊዜ 100 ግራም እየቀዳችሁ 3 ኪሎ አጠራቅሙና ቀላቅሉት። ቀለም ለማሳመር ሱዳን የሚባል ቀለም የሚጨምር ነጋዴ ካለ ከእርሱ ጋር አትነግዱ፤ በማንኛውም መጠን አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ። ሲኢ የተጻፈበት ማራዘሚያ ገመድ እየቀለጠ ይመለስብኛል። ከመግዛቴ በፊት እንዴት ልለየው? (ባለሱቅ፣ አጣዬ)

መልስ፦ ሲኢ ምልክቱን ለአብዛኛው ዕቃ አምራቹ ራሱ ነው የሚለጥፈው። አምራቹ ስሙንና አድራሻውን ካልጻፈ ምልክቱ ዋጋ የለውም። ከካርቶኑ አንዱን አውጥተው ይክፈቱት። ሽቦውን በቢላ ፋቅ ያድርጉ፤ ላዩ ቀይ ውስጡ ብርማ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ይሞቃል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። ማግኔት ከሳበው ብረት አለበት። ገመዱ ላይ «3×0.75» የሚል ካለ ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በዚህ ገመድ ላይ ምጣድ መሰካት ቤት ማቃጠል ነው። ለምጣድ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ አይሽጡለት፤ በወፍራም ሽቦ ከብሬከር የመጣ የራሱ ሶኬት እንዲያስገጥም ይንገሩት። መሬት ሽቦውንም በመልቲሜትር ይፈትሹ፤ ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ማራዘሚያ በየገበያው ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ዕቃው ተሸጦ ካለቀ በኋላ ጉድለት ብናገኝበትስ? ዝም ብንል ማን ያውቃል? (ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ)

መልስ፦ ልጅ ሲታነቅ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ዝም ማለታችሁ ከጉድለቱ የበለጠ ጥፋት ይሆናል። ጉድለቱ በተገኘበት ቀን ሽያጩን አቁሙ፣ ለገዥው በጽሑፍ ንገሩ። አሜሪካ ውስጥ ለሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ሪፖርት የሚደረገው መረጃው በተገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። አውሮፓ ውስጥ ተጠያቂው ሰው ሳይዘገይ በኅብረቱ ማሳወቂያ ገጽ ያስመዘግባል። ለሸማቹ ከጥገና፣ ከቅያሪና ከገንዘብ መመለስ ቢያንስ ሁለቱ ይቀርብለታል። ማስታወቂያው ላይ «በፈቃደኝነት» ወይም «ለጥንቃቄ ያህል» የሚሉ ቃላት በደንቡ አይፈቀዱም፤ ሸማቹን ያዘናጋሉና።

ይህ ሁሉ የሚቀለው ወይም የሚከብደው በባች ቁጥር ነው። ቁጥር የሌለው ሰው 12 ባና ለመመለስ የዓመቱን ምርት ሁሉ ይመልሳል። ለእያንዳንዱ የማቅለሚያ ድስት ወይም የስፌት ዙር ቁጥር ስጡ፣ መለያው ላይ ይሰፋ። ደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የቀለሙ ባች፣ ጸጉሩ ወይም ጨርቁ ከማን እንደተገዛ፣ የሠራው ሰው፣ ስንት እንደወጣ፣ ለማን እንደተሸጠ በአንድ መስመር ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ድስት የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቁጥሩ ተጽፎበት ደረቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ክርክር ከመጣ ላቦራቶሪ የምትወስዱት እርሱን ነው።